ፊሽካ

ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ሲወርዱ፣
ግራ ቀኙ ፈርሶ፣ ሰዎቹም ሲሄዱ፣
ብቻውን የቀረ አንድ ፎቅ ቤት አለ፣
ጣሪያው ላይ ቲማቲም በጀሪካን የበቀለ።

አስራ ሁለት ናቸው፤ ቢጫ፣ አንገታቸው የተቀላ፣ አፈር የጎረሱ።
ባለቤታቸው ጋሽ ኬርጋ፣
ማተሚያ ቤት በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሌሊት የጨረሱ።

"ጠመንጃስ ነበረኝ፤ አንድም ቀን አልጮኸ።
በፊሽካ ነው እንጂ ያን በር የጠበቅሁት፣
ሌባ ገና ሳይመጣ፣ ውድቅት ላይ የነፋሁት።
ሰፈሩ ይነቃል፤ አንዱ ያስላል፣ አንዱ መብራት ያበራል፣
ሌባው የመጣ እንደሆን የነቃ ደጅ ያገኛል።"

እኔ አራት ኪሎ ነው ውሎዬ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣
ባክቴሪያ አረባለሁ በብርጭቆ ሳህን፣ ስኳር አጉርሼ።
ሲበዙ አፈላቸዋለሁ፤ ገድዬ፣ ሰባብሬ፣ አጥልዬ፣
ቆዳቸውን ብቻ በውሃ አሟሟለሁ።
ያንን ነው ይዤ የወጣሁት፣ አፉ በሚረጭ አንድ ሊትር ጠርሙስ፣
በየደርቡ ቆሜ እፍ እፍ ብዬ ስተነፍስ።

"መርዝ ነው?" አሉኝ፣ ክዳኑን አሽትተው።
"አይደለም፤ ምንም አይገድል። የሞተ ተሕዋስ ቆዳ ነው፣
ጥርስ የለው፣ ነፍስ የለው።
ቅጠሉ ግን ይህ ቆዳ ሲነካው
ጠላት ደጄ ቆሟል ብሎ ይባንናል፣
ቀዳዳውን ይዘጋል፣ ግድግዳውን ያወፍራል፣
ከጓዳው ያለውን መራራ ያወጣል።
ሁሉም የራሱ ነው፤ እኛ የምንጨምርለት የለም።"
ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሡት። ዝም።
"ታዲያ ይሄ" አሉ፣ "ፊሽካ ነዋ፣ ልጄ።"

ሦስት ዓመት የለፋሁበትን፣ ሃያ ስድስት ገጽ ሙሉ
የተንተባተብኩበትን፣
እንዲህ በአንዲት ቃል አሉ።

ስድስቱን ጀሪካን ኖራ ቀባኋቸው።
"እነዚህን በየሳምንቱ ይርጩልኝ፤
እነዚያን ግን አደራ፣ ከውሃ በቀር እንዳይነካቸው።
ሁሉም ከዳኑ፣ በምን እንደዳኑ ማን ይነግረኛል?
ለማነጻጸር ነው፤ ያልተረጨ ያስፈልገኛል።"
"ገባኝ" አሉ።
የገባቸው ሌላ ነበር፤ እኔ የት አውቄ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ወርቅ ቤቶቹ መዝጊያቸውን ሲያንጓጉ፣
አያቸው ነበር ከታች፣ በካፖርት ሲተጉ፤
ቅጠሉን እንደ ሕፃን ጆሮ ገልብጠው
ከውስጥ በኩል ይረጩታል፣ ትንፋሻቸውን ውጠው።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ከእንጦጦ እየተንደረደረ
ቆርቆሮውን ደበደበ፤ ከተማው በጭጋግ አደረ።
ምች ሰፈር ገባ። ከድልድዩ ማዶ፣ በእማማ ዘነቡ ጓሮ፣
ድንቹ በሦስት ቀን እሳት የላሰው መሰለ፣ ጠቁሮ።
ደረጃውን ስወጣ ምኞቴ ምን ነበር? ልናገር፣ ምን ይደረግ፤
ስድስቱን ሞተው ማግኘት። ስድስቱን ብቻ። በወግ በማዕረግ።

አስራ ሁለቱም ቆመዋል።
ታች ታችኛው ቅጠል ላይ ጥቂት ነጠብጣብ፤
ከዚያ በላይ ማን ነክቶት! ግንዱ ጠጉሩን አቁሞ፣
ሽታው አፍንጫ ይቆነጥጣል።

ጋሽ ኬርጋ ጫማቸውን አዩ።
"አንድ ሌሊት ነው የቻልኩት። አንቺ ኖራ ቀብተሽ ለየሽ፤
ግማሹን ሰፈር ቀስቅሶ፣ ግማሹን 'ተኝተህ ሙት' የሚል
ዘበኛ የት አየሽ?"

በደብተሬ አንዱ ዓምድ ባዶ ቀረ።
አለቃዬ "ማነጻጸሪያው የታለ?" አለኝ።
ምን ብዬ ልጻፍ? "ታዝኖለታል" ልበል?

ፍሬውም አነስ አለ። ለምን እንደሆነ መጽሐፉ ያውቃል፤
ጋሽ ኬርጋም ያውቃሉ፦ "ሲጠብቅ ያደረ፣ ጠዋት ያንቀላፋል።"
በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ።
ማስረጃዬን በጨው በላሁት፣ ታክሲ ተራ ቆሜ።

ለከርሞ ጨካኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ልቡ የማይራራ፣
ስድስት ችግኝ ሲሞት ቆጥሮ የሚጽፍ፣ በየተራ።
አራዳን ዞርኩ፤ ቸርችልን ወረድኩ፤
ሲታጣ በራሴ ሰገነት ሞከርኩ።
ሁለት ሌሊት ቻልኩ።
በሦስተኛው፣ ዝናቡ መስኮቴን ሲመታ፣
ጠርሙሱን ፍለጋ ከአልጋዬ ወረድኩ
በባዶ እግሬ፣ በዝግታ።